የሕሙማን መመገቢያ ቱቦ አመጣጥና ዓይነቶች

መጉረስና መዋጥ ለጤነኛ ሰው ሐሳብ የማይጠይቁ ተግባራት ናቸው። በስትሮክ፣ በጉሮሮ ዕጢ ወይም በከባድ አደጋ ምክንያት መዋጥ ለተሳነው ሕመምተኛ ግን፣ ጨጓራው ለመፍጨት ዝግጁ ሆኖ ሳለ የምግቡ መንገድ ይዘጋበታል። ለዚህ ለተዘጋው መንገድ ምትክ ለማግኘት የተደረገው ጥረት ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩም የሐኪሞች ብቻ ሳይሆን የመሣሪያ ሠሪዎች፣ የጎማና የፕላስቲክ ባለሙያዎች፣ የደረጃ መዳቢዎችም ታሪክ በመሆኑ ለማኅበራችን አባላት ባዕድ አይሆንም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የአባቴ ሕመም ነው። በአፍንጫቸው በገባ ቀጭን ቱቦ አጥሚት ሲሰጣቸው አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ቱቦው በተደጋጋሚ ሲዘጋ አየሁ። ሙያዬ የውኃ አቅርቦት ምሕንድስና ስለሆነ የቧንቧ መዘጋት እንግዳ ነገር አልነበረም። ይሁንና ውጫዊ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር የሆነ ቧንቧ በተዘጋ ቁጥር አባቴ ጦማቸውን ያድሩ ነበር፤ ቱቦው ተነቅሎ ሌላ በገባ ቁጥርም ሥቃያቸውን አይ ነበር። ይህ ቧንቧ ከየት መጣ? ለምንስ ልዩ ልዩ ዓይነት ሆነ? ብዬ መጠየቅ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

አፍ ሲዘጋ ሰዎች ለብዙ ዘመን የሞከሩት የኋላውን በር ነበር። ፈሳሽ ምግብን በፊንጢጣ ማስገባት እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ የታወቀ ሕክምና ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በ1881 ሐምሌ ወር በጥይት ቆስለው መስከረም ላይ እስኪሞቱ ድረስ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በዚሁ መንገድ ይመገቡ ነበር። ትልቁ አንጀት ውኃና ጨው እንጂ ምግብን በበቂ መጠን ስለማይመጥጥ ሰውነታቸው እጅግ መነመነ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ምግብ ወደ ጨጓራ ወይም ወደ ቀጭኑ አንጀት ካልደረሰ ቱቦው ምንም ቢሠለጥን አይመግብም።

ወደ ጨጓራ በሚወስደው መንገድ ስሙ በቀዳሚነት የሚነሣው ስኮትላንዳዊው ቀዶ ሐኪም ጆን ሀንተር ነው። በ1790 የመዋጫ ጡንቻዎቹ የሰለሉበትን ሕመምተኛ ለመመገብ፣ እባብ መሰል የሆነውን የኢል ዓሣ ቆዳ ከዓሣ ነባሪ አፍ በሚገኝ ተጣጣፊ ዘንግ ላይ አለበሰ፤ በላዩም የከብት ፊኛ አሰረ። ፊኛው ሲጨመቅ በወተትና በመሳሰለው የተመታ እንቁላል ወደ ጨጓራ ይወርድ ነበር። ሕመምተኛው ድኖ እንደ ገና መዋጥ ቻለ፤ ሀንተርም ሥራውን በ1793 አሳተመ። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የጎደለው ጥሬ ዕቃው ነበር። ቻርልስ ጉድዪር በ1839 ጎማን ከድኝ ጋር በሙቀት ማዋሐድ ከደረሰበት በኋላ የሚተጣጠፍና የማይሰበር ቱቦ መሥራት ተቻለ። በ1921 የኒው ኦርሊንሱ ሐኪም አብርሃም ሌቪን በአፍንጫ የሚገባውን የጎማ ቱቦ አቀረበ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ከዚህ ቱቦ ጋር ይጠራል።

የቱቦ ስፋት የሚለካበት መስፈርት የመጣው ደግሞ ከመሣሪያ ሠሪ ነው። የፓሪሱ ጆሴፍ ሻሪየር በ1842 ባወጣው መለኪያ አንድ ቁጥር የሚሊሜትር ሲሶ ነው፤ ስለዚህ 12 ቁጥር ቱቦ የውጭ ስፋቱ አራት ሚሊሜትር ይሆናል። መሐንዲስ ግን የሚፈልገው የውስጡን ስፋት ነው። በዚያው ዘመን የኖረው ፈረንሳዊ የሕክምና ሰው ፑዋዞይ እንዳረጋገጠው፣ በቀጭን ቧንቧ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን የውስጥ ስፋቱን አራተኛ ኃይል ይከተላል። የውስጡ ስፋት ከሦስት ሚሊሜትር ወደ ሁለት ቢቀንስ፣ ሌላው ሁሉ ሳይለወጥ ፍሰቱ ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል። አጥሚት እንደ ውኃ ያለ ቀላል ፈሳሽ ስላልሆነ ችግሩ ከዚህም ይብሳል። አባቴን ያስታምሙ የነበሩት ሲስተር ይህን ስሌት ሳይጠቅሱ መፍትሔውን ነገሩኝ፦ «አጥሚቱን አቅጥኑት፤ በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉት፤ ከምግቡ በፊትም በኋላም ለብ ያለ ውኃ አሳልፉ።» ከዚያ ወዲህ ቱቦው አልተዘጋም።

ስፋትና ልስላሴ የሚጋጩ በመሆናቸው ጥሬ ዕቃው ተለዋውጧል። ጎማ አፍንጫንና ጉሮሮን ይቈጠቍጥ ነበር። ርካሹ ፒቪሲ ደግሞ ማለስለሻ ቅመሙ በጨጓራ ውስጥ እየወጣ ስለሚደርቅ ለአጭር ጊዜ ካልሆነ አይመረጥም። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፤ ግን ጥንካሬ ስለሚያንሰው ግድግዳው መወፈር አለበት። ፖሊዩሬቴን ጠንካራ በመሆኑ በቀጭን ግድግዳ በዚያው የውጭ ስፋት የሰፋ ውስጥ ይሰጣል።

ከአፍንጫ የሚነሣው ቱቦ መድረሻው ሁልጊዜ ጨጓራ አይደለም። ጨጓራው ምግቡን ወደ ታች አላሳልፍ ሲል ወይም ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ሲሠጋ፣ ረዘም ያለ ቱቦ እስከ ቀጭኑ አንጀት ይዘልቃል፤ የኒው ዮርኩ ማክስ አይንሆርን በ1910 በዚህ መንገድ መመገብን አስተዋውቋል። የትኛውም ይሁን፣ በስሕተት ወደ አየር ቧንቧ የገባ ቱቦ ገዳይ ነው። አየር ነፍቶ በሆድ ላይ ማዳመጥ አስተማማኝ ስላልሆነ፣ ከመመገብ በፊት ከቱቦው የተቀዳው ፈሳሽ አሲድነት ይለካል ወይም ራጅ ይነሣል።

መመገቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የሚያልፍ ሲሆን ግን በሆድ ግድግዳ በኩል በር መክፈት ይመረጣል። ይህ እንደሚቻል ያሳየው አደጋ ነበር። በ1822 አሌክሲ ሴንት ማርቲን የተባለ ወጣት በጥይት ቆስሎ፣ ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት ቢያድነውም ጨጓራው ወደ ውጭ እንደ ተከፈተ ቀረ፤ ሰውየውም ከዚያ በኋላ ከ50 ዓመት በላይ ኖረ። ፈረንሳዊው ሴዲዮ በ1849 ሆን ብሎ ይህንኑ በር በቀዶ ሕክምና ቢከፍት ሕመምተኛው ሞተ፤ በ1876 ግን የቬርኔይ ሕመምተኛ ተረፈ። ትልቁ ለውጥ የመጣው ሰኔ 12 ቀን 1979 ክሊቭላንድ ውስጥ ነው። ጋውደረርና ፖንስኪ የአንድ ሕፃንን ሆድ ሳይከፍቱ፣ በኢንዶስኮፕ ብርሃን ቦታውን ለይተው በመርፌ ክር አስገቡ፤ ክሩን በአፍ ስበው አወጡ፤ ቱቦውን አስረው በዚያው ክር ከአፍ ወደ ጨጓራ፣ ከጨጓራ ወደ ውጭ ጎተቱት። ኤሌክትሪሲያን ሽቦን በግድግዳ ውስጥ በመሳቢያ ገመድ እንደሚያሳልፍ ማለት ነው። እንጉዳይ መሰል የሆነው የቱቦው ጫፍ ከውስጥ ይዞት ይቀራል። ጨጓራው ለማይረዳው ሕመምተኛ ደግሞ በሩ በቀጥታ በቀጭኑ አንጀት ላይ ሊከፈት ይችላል።

የመጨረሻው ጉዳይ መጋጠሚያው ነው፤ የእኛም ኀላፊነት ከሁሉ ይልቅ የሚጐላው እዚህ ላይ ነው። ሉየር የተባለው የሲሪንጅ መጋጠሚያ ከሁሉ ጋር መግጠሙ እንደ በጎ ነገር ሲቈጠር ኖሮ፣ ለምግብ የተዘጋጀ መስመር ከደም ሥር መስመር ጋር እየተጋጠመ ሰዎች ሞተዋል። ነርሷ ደክሟት ይሆናል፤ ሌሊትም ይሆናል፤ ስሕተቱን የፈቀደው ግን ንድፉ ነው። በ2016 የወጣው አይኤስኦ 80369-3 የተባለው ደረጃ የምግብ መስመር ከደም ሥር መስመር ጋር እንዳይገጥም የራሱን ቅርጽ ሰጥቶታል። ይህ ጥበቃ የሚሠራው ግን አሟልቶ የሚገዛው ካለ ነው። አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ሲሪንጅ ጋር አልገጥም ሲል ቈርጦና አስሮ ማጋጠም፣ ብልሃት ቢመስልም፣ ደረጃው የዘጋውን በር መልሶ መክፈት ነው።

ስለዚህ የግዥ ዝርዝር የምታዘጋጁ ባልደረቦች፣ «የመመገቢያ ቱቦ» ብላችሁ አትለፉ። የውጭና የውስጥ ስፋቱን፣ ርዝመቱን፣ ጥሬ ዕቃውን፣ መጋጠሚያውን ጻፉ፤ ከቱቦው ጋር የሚሄደውንም ሲሪንጅ አብራችሁ እዘዙ። በዝርዝሩ ላይ የተዘለለችው አንዲት መስመር በሌላው ጫፍ አልጋ ላይ የተኛ ሰው አላትና።