ከአለቃው የተደበቀው ሾፌር

ኒው ጀርሲ ውስጥ የጭነት መኪና ስለምነዳ፣ ቡና ለመጠጣት የቆምኩባት ደቂቃ ሳትቀር ቢሮ ቁጭ ያለው ሰው ስክሪን ላይ እንደምትታይ አውቃለሁ። ስለዚህ የኒውአርክ አየር ማረፊያን ነገር ሳወራ ለሾፌሩ ትንሽ ባደላ አይፈረድብኝ።

ጂፒኤስ ሲፈጠር የወታደር ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1983 ከአንኮሬጅ ወደ ሴኡል ሲበር መስመሩን የሳተ የኮሪያ አውሮፕላን በሶቭየት ተዋጊ ጄት ተመቶ 269 ሰው አለቀ። ያኔ ነው ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሉም እንደሚከፈት ያስታወቁት። አቪዬሽን በውሰት ያገኘው ነገር ነው ማለት ይቻላል። ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚደርሰው ሲግናል ደግሞ ከመሣሪያው የራሱ ጫጫታ እንኳ ያነሰ ደካማ ነው። የሞላ ገበያ ውስጥ እንደሚንሾካሾክ ሰው፣ ዝም ካላሉለት አይሰማም።

ኒውአርክ አየር ማረፊያ የተተከለው አዲስ መሣሪያ ይህንኑ ሲግናል የሚያርም ነበር። ቦታቸው በትክክል የተለካ ተቀባዮች መሬት ላይ ሆነው የሳተላይቶቹን ስህተት ያሰላሉ፤ እርማቱ ለሚያርፉት አውሮፕላኖች በሬዲዮ ይላካል። ችግሩ ተቀባዮቹ ኒው ጀርሲ ተርንፓይክ የሚባለው ሀይዌይ አጠገብ መሆናቸው ነው። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ተቀባዮቹ እየቆዩ ለአፍታ ይታወኩ ጀመር፤ ምክንያቱን ለማግኘት ወራት ፈጀ። ለካ በሀይዌዩ የሚያልፍ መኪና ውስጥ ያለ፣ የጂፒኤስን ሲግናል የሚያፍን ትንሽ ጃመር ኖሯል! ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ፣ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል፣ አሜሪካ ውስጥ መሸጡም መጠቀሙም የተከለከለ ዕቃ ነው። የተቀባዮቹ አቀማመጥም አሠራሩም ተሻሻለ፤ ጃመር የያዘ ሾፌር ግን አንድ ብቻ አልነበረም።

ኦገስት 3 ቀን 2012 የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ሠራተኛ እዚያው ኒውአርክ አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ ይዞ የሚያውከውን ሲግናል ሲከታተል አንድ ቀይ ፎርድ ፒክአፕ ላይ ደረሰ። ሾፌሩ አልካደም፤ ጃመሩን የያዘው አሠሪው መኪናው ላይ የገጠመው ጂፒኤስ እንዳያየው ነበር። ጸቡ ከአለቃው እንጂ ከአውሮፕላን አልነበረም። እኔን የሚያስፈራኝም ይኸው ነው፤ ክፉ የሚያስብ ሰው ቢሆን ፖሊስ ይጠብቀዋል፣ መታየት የሰለቸውን ሠራተኛ ግን ማን ይጠብቀዋል?

በዓመቱ 31,875 ዶላር ቅጣት ታሰበበት። መነሻው 42,500 ነበር፤ ጃመሩን በፈቃዱ ስላስረከበ ሩቡን ቀንሰውለት ነው።