የአንድ ማስታወቂያ መዘዝ

ጋዜጣ ተሳስቶ ሲጽፍ ይቀጣ ወይስ ይታለፍ? በዚህ ጉዳይ ከማኪያቶ ጋር ብዙ ተከራክረናል። ነገርን ነገር ያነሣዋልና፣ ክርክሩ አንድ የቆየ የአሜሪካ ክስ አስታወሰን።

እ.ኤ.አ. ማርች 29 ቀን 1960 ኒውዮርክ ታይምስ የሙሉ ገጽ ማስታወቂያ አወጣ። ያሳተሙት የማርቲን ሉተር ኪንግ ደጋፊዎች ሲሆኑ፣ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ በኪንግና በጥቁር ተማሪዎች ላይ የደረሰውን በደል ይዘረዝራል። በደሉ እውነት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ግድፈት ነበረበት። ኪንግ አራት ጊዜ ታስሮ ሳለ ማስታወቂያው ሰባት ይላል። ተማሪዎቹ ብሔራዊ መዝሙር ዘምረው ሳለ ሌላ መዝሙር ይጠቅሳል። ተቆለፈ የተባለው የመመገቢያ አዳራሽም አልተቆለፈም።

የከተማዋን ፖሊስ የሚቆጣጠረው ሹም ሱሊቫን “ስሜ ጠፋ” ብሎ ከሰሰ። ስሙ ግን በማስታወቂያው ላይ የለም! በዚያ ላይ ከ650,000 ያህሉ ቅጂ አላባማ የገባው 394 ገደማ ብቻ ነበር። ቢሆንም የአላባማ ፍርድ ቤት ጋዜጣውና አብረው የተከሰሱ አራት ጥቁር ቄሶች 500,000 ዶላር እንዲከፍሉ ፈረደ። ሌሎች ባለሥልጣናትም ተከታትለው ከሰሱ። መልእክቱ ግልጽ ነው፤ “ስለ እኛ ጉድ የጻፈ ይከስራል።”

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 9 ቀን 1964 ፍርዱን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ዳኛ ብሬናን የጻፉት መርሕ እንዲህ የሚል ነው። ባለሥልጣን በሥራው በኩል ስሜ ጠፋ ብሎ ካሣ ለማግኘት፣ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም ለእውነቱ ደንታ ሳይሰጥ መጻፉን ማስረዳት አለበት። ምክንያቱም በጦፈ ክርክር ውስጥ ስህተት አይቀርም። ስህተት ሁሉ ካስቀጣ፣ እውነቱን የሚያውቀውም ሰው ፈርቶ ዝም ይላል።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። የመናገርና የፕሬስ ነጻነትን የሚደነግገው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከ1791 ጀምሮ አንዲት ቃል አልተለወጠም። ይኸው ድንጋጌ በ1919 ዩጂን ዴብስን አላዳነውም። ጦርነትን ተቃውሞ ስለተናገረ የተፈረደበትን የአሥር ዓመት እስራት ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጸናበት። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሆምስ በዚያው ዓመት መጨረሻ በሌላ መዝገብ ላይ ለንግግር ነጻነት ተሟግተው የልዩነት ሐሳብ አሰፈሩ። የተለወጠው አነባበቡ እንጂ ሕጉ አይደለም። ዛሬም ክርክሩ አልተዘጋም፤ ዳኛ ቶማስ በ2019፣ ዳኛ ጎርሰች በ2021 የሱሊቫን መርሕ እንደገና ይታይ ብለዋል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ያ ማስታወቂያ ከወጣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ። አንቀጽ 2046ን ገልጠው ይመልከቱ። ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየት የሰጠ ሰው፣ አስተያየቱ ሐሰት መሆኑን በእርግጠኝነት ካላወቀ በቀር በስም ማጥፋት ተጠያቂ አይሆንም ይላል። ብሬናን ከመጻፋቸው አራት ዓመት ቀደም ብሎ! እርግጥ የእኛው ስለ አስተያየት ነው፤ የሱሊቫን መርሕ ግን የፍሬ ነገር ስህተትንም ይሸፍናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሳንሱርን በማንኛውም መልኩ ይከለክላል። ታዲያ ብሬናኖቻችን የት አሉ? አንዱ መልስ አንቀጽ 83 ነው። ሕገ መንግሥታዊ ክርክርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት እንጂ ፍርድ ቤት አይደለም። ብዙ ጋዜጠኞች ተከሰው ችሎት ሲቆሙ የሚነበበው የወንጀል ሕጉ እንጂ አንቀጽ 29 አልነበረም።

ይህ ግን ሙሉ ምክንያት አይሆንም እንላለን። አንቀጽ 13 ፍርድ ቤቶች በየደረጃው መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ እንዳለባቸው ይናገራል። መተርጎም ባይፈቀድላቸው እንኳ ማስከበር ታዘዋል።

አባቶቻችን መንገድ ላይ የተጣላን ሰው “በሕግ አምላክ!” ብለው ያስቆሙት ነበር። ቃሉ የሚሠራው ሰሚው ሲያከብረው ነው። አንቀጽ 29ም እንደዚያው ነው፤ ጮክ ብሎ የሚያነበው ዳኛ ይፈልጋል።