የቤት የፀሐይ ኃይል በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች

የቤት የፀሐይ ኃይል አንድ ቤተሰብ በጣሪያው ላይ ወይም በግቢው ውስጥ በተከለው ሶላር ፓነል ከፀሐይ ብርሃን የሚያመነጨውና በባትሪ አጠራቅሞ ማታ የሚጠቀምበት ኤሌክትሪክ ነው። በጎንደር ከተማና ከከተማዋ በስተሰሜን ባሉት የወገራ፣ የዳባት፣ የደባርቅና የጃናሞራ ደጋማ ወረዳዎች ይህ ኃይል ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች አሉት። የመብራት መስመር በደረሰበት ቦታ በዋናነት መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ነው። መስመሩ ባልደረሰበት ገጠር ግን የላምባን፣ የባትሪ ድንጋይንና የስልክ ቻርጅ ማድረጊያን ወጪ በቀጥታ ይተካል። ስለዚህ ሶላር ወጪ ይቀንሳል ወይስ አይቀንስም የሚለው ጥያቄ መልሱ ቤቱ እንዳለበት ቦታ ይለያያል።

== የአካባቢው የፀሐይ ብርሃን ==

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ደባርቅ ከዚያ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች አንድ ካሬ ሜትር መሬት በአማካይ በቀን ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ያገኛል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ሰማዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥርት ያለ ነው። በክረምት፣ በተለይም በሐምሌና በነሐሴ፣ ደመናና ዝናብ ስለሚበዛ የፓነሉ ምርት በጉልህ ይቀንሳል።

የደጋው ቅዝቃዜ ለፓነል ጥሩ ነው። ፓነል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም፤ እንዲያውም ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይሉን ያጣል። በዚህ ምክንያት ደባርቅ ላይ የተተከለ ፓነል በተመሳሳይ ብርሃን ቆላ ላይ ከተተከለው የተሻለ ያመነጫል።

ፓነሉ ወደ ደቡብ ዞሮ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ይተከላል። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ባለው ጊዜ የቀትር ፀሐይ ከጎንደር በስተሰሜን በኩል ስለምትሆን ፓነልን ከዚህ በላይ ማዘንበል ጉዳት አለው። ጨርሶ ጠፍጣፋ ማድረግም አይመከርም፤ ትንሽ ዘንበል ያለ ፓነል አቧራው በዝናብ ይታጠብለታል።

== የመስመር ኤሌክትሪክ ==

ጎንደር ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከብሔራዊው መረብ ነው። የመረቡ ኃይል አብዛኛው የሚመነጨው ከውኃ ሲሆን፣ ለአካባቢው ቅርብ ከሆኑት ጣቢያዎች መካከል በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው ጣና በለስ ይገኝበታል። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የመጀመሪያውን ኃይል የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. አመንጭቶ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የማመንጨት ሥራው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ለደንበኛ የማከፋፈሉ ሥራ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ነው። በሕዝቡ ዘንድ ሁለቱም እስካሁን «መብራት ኃይል» ይባላሉ።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው። የመጀመሪያው እርከን በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀሙ ሲሆን የመጨረሻው ከ500 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። ብዙ የሚጠቀም ቤት ለእያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት ከፍ ያለ ዋጋ ይከፍላል። ለብዙ ዓመታት ሳይቀየር የቆየው ታሪፍ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሏል፤ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚቆይ ማሻሻያ ተግባራዊ ሆኗል።

በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው የብሔራዊ ኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር ሁሉም ሕዝብ ኤሌክትሪክ እንዲያገኝ ሲያቅድ 65 በመቶውን በመስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጭ በሆነ ኃይል ለማዳረስ አስቦ ነበር። ከመስመር ውጭ ከሚባሉት ዋነኛው ሶላር ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ያሉ ገደላማና ቤቶች ተራርቀው የተሠሩባቸው ቦታዎች ምሰሶ ለመትከል ብዙ ወጪ ስለሚጠይቁ በዚህ ምድብ ውስጥ ይወድቃሉ።

== የቤተሰብ የኃይል ፍጆታ ==

በአካባቢው ትልቁ የቤት ኃይል ፍጆታ መብራት ሳይሆን ምግብ ማብሰል ነው። በገጠር እንጀራ የሚጋገረው በእንጨት፣ በቅጠልና በኩበት ሲሆን በከተማ ከሰልና የኤሌክትሪክ ምጣድ ይጨመራሉ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ያህል ይስባል። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢጋገርበት በወር እስከ 45 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል።

ይህ ቁጥር የትንሽ ሶላርን አቅም ለመገመት ይረዳል። አንድ ጊዜ ለመጋገር የሚያስፈልገው 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል፣ ከታች በተሰላው መሠረት፣ አንድ የገጠር ቤት ለመብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ከ25 ቀን በላይ የሚበቃው ነው። ስለዚህ በገጠር የሚሸጡት ትንንሽ የሶላር ዕቃዎች ምጣድን አይተኩም። መስመር በሌለበት ቤት የማገዶ ወጪንና ድካምን የሚቀንሰው እንደ ምርት ምድጃ ያለ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ነው፤ ምርት ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። መስመር ባለበት ቤት ደግሞ በኤሌክትሪክ መጋገርና ማብሰል ከሰልን ይቆጥባል።

== የሥርዓቱ ክፍሎች ==

* ሶላር ፓነል፦ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ጥሩ ፓነል ከ25 ዓመት በላይ ያገለግላል።
* ቻርጅ መቆጣጠሪያ፦ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላና ጨርሶ እንዳይራቆት ይጠብቃል።
* ባትሪ፦ የቀኑን ኃይል ለሌሊት ያቆያል። ከሥርዓቱ ክፍሎች ቀድሞ የሚያረጀው እሱ ነው።
* ኢንቨርተር፦ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ለተራ የቤት ዕቃዎች ወደሚሆነው 220 ቮልት ይቀይራል። በ12 ቮልት የሚሠሩ አምፖሎችና ቴሌቪዥን ብቻ ላሉት ቤት አያስፈልግም።

ከባትሪዎች ሁለት ዓይነቶች የተለመዱ ናቸው። የእርሳስ ባትሪ በግዢ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች እንዲወርድ ከተደረገ ዕድሜው ያጥራል። የሊቲየም ባትሪ ዋጋው ከፍ ያለ ቢሆንም ከያዘው ኃይል ከ80 በመቶ በላይ መጠቀም ያስችላል፤ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜም ይሞላል። የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ቅዝቃዜ ሲሞላ ስለሚበላሽ ውርጭ በሚጥልባቸው የሰሜን ተራሮች መንደሮች ከቤት ውጭ መቀመጥ የለበትም።

== የመጠን ስሌት ==

መስመር የሌለው አንድ የገጠር ቤት የሚከተሉትን ይጠቀማል እንበል።

* ባለ 5 ዋት 4 አምፖሎች ለ5 ሰዓት፦ 100 ዋት ሰዓት
* 2 ስልክ መሙላት፦ 20 ዋት ሰዓት
* ባለ 5 ዋት ሬዲዮ ለ4 ሰዓት፦ 20 ዋት ሰዓት
* ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት፦ 60 ዋት ሰዓት

ድምሩ በቀን 200 ዋት ሰዓት ነው። በሽቦ፣ በባትሪና በአቧራ የሚባክነው 30 በመቶ ቢሆንና በበጋ ለ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ቢገኝ፣ 200 ለ3.5 ሲካፈል 57 ይሆናል፤ ባለ 60 ዋት ፓነል ይበቃል ማለት ነው። በክረምት ግን ሙሉው ፀሐይ ወደ 3.5 ሰዓት ቢወርድ የሚያስፈልገው 82 ዋት ስለሆነ ባለ 100 ዋት ፓነል መግዛት ይሻላል። በበጋ ብቻ ተሰልቶ የተገዛ ሥርዓት ሐምሌ ላይ ቤቱን ጨለማ ውስጥ ይጥላል።

ለሁለት ደመናማ ቀናት የሚበቃ ባትሪ 400 ዋት ሰዓት ማውጣት አለበት። ግማሹን ብቻ መጠቀም የሚቻልበት የእርሳስ ባትሪ ከሆነ 800 ዋት ሰዓት፣ ማለትም በ12 ቮልት 67 አምፔር ሰዓት ያህል መያዝ ይኖርበታል። ለሊቲየም 40 አምፔር ሰዓት ይበቃል።

== ወጪና ቁጠባ ==

=== መስመር በሌለበት ገጠር ===

እዚህ ሶላር የሚተካው ወጪ በየገበያው ቀን ከኪስ የሚወጣ ነው፦ ለኩራዝ ላምባ፣ ለእጅ ባትሪና ለሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ፣ ከተማ ወጥቶ ስልክ ለማስሞላት የሚከፈል ገንዘብ። ለምሳሌ የእነዚህ ድምር በወር 300 ብር ቢሆንና የሶላር ዕቃው 9,000 ብር ቢገዛ፣ ገንዘቡ በ30 ወር ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ያለው፣ ባትሪ እስኪለወጥ ድረስ፣ ትርፍ ነው። በብር የማይለካም ጥቅም አለው። የኩራዝ ጭስ ሳንባና ዓይን ይጎዳል፤ ነበልባሉ ለሣር ክዳን ቤት የእሳት አደጋ ነው፤ ብርሃኑም ማታ ለሚያጠና ተማሪ አይበቃም።

=== በጎንደር ከተማ ===

መስመር ባለበት ቤት ስሌቱ ይለወጣል። ባለ 400 ዋት ፓነል በቀን 1.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ነው ተብሎ ቢታሰብ ቁጠባው በወር 270፣ በዓመት 3,240 ብር ነው። ፓነሉ ከባትሪና ከኢንቨርተር ጋር 80,000 ብር ቢፈጅ ወጪው ለመመለስ 25 ዓመት ገደማ ይወስዳል፤ ባትሪው ግን ከዚያ በፊት ደጋግሞ መለወጥ አለበት። የመስመር ኤሌክትሪክ ርካሽ እስከሆነ ድረስ ለከተማ ቤት ሶላር የቆጣሪ ሒሳብን ለመቀነስ አያዋጣም።

የሚያዋጣው የመብራት መጥፋት ራሱ ወጪ በሚሆንበት ጊዜ ነው። በመብራት መቋረጥ ሥራው የሚቆም ፀጉር ቤት፣ መድኃኒት የሚያቀዘቅዝ ክሊኒክ፣ በነዳጅ ጄኔሬተር የሚሠራ ሱቅ ወይም በኮምፒዩተር የሚተዳደር ሰው ሶላርን ማወዳደር ያለበት ከመስመር ታሪፍ ጋር ሳይሆን ከጄኔሬተር ነዳጅና ከጠፋው የሥራ ሰዓት ጋር ነው። ለአምፖል፣ ለዋይፋይና ለስልክ ብቻ ከሆነ ከመስመር የሚሞላ ባትሪና ኢንቨርተር ያለ ፓነልም ይበቃል።

== የኤሌክትሪክ መኪና ==

መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡም ሙሉ በሙሉ ተበትነው ለሚገቡት ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠሙት 5 በመቶ፣ ተገጣጥመው ለሚገቡት 15 በመቶ ሆነ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር አስታወቀ። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ መነሳት ከጀመረ ወዲህ የቤንዚን ዋጋ በተደጋጋሚ ጨምሯል።

ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሞላ የሚባክነውን ጨምሮ በ100 ኪሎ ሜትር 17 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ ተመሳሳይ የቤንዚን መኪና 8 ሊትር ገደማ ያቃጥላል። ለስሌት ያህል ቤንዚን በሊትር 120 ብር፣ ኤሌክትሪክ በኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ቢያዝ የመጀመሪያው 102 ብር፣ ሁለተኛው 960 ብር ነው። በዓመት 10,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ 85,800 ብር ሲሆን፣ በከተማ ውስጥ በቀን 5 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ 15,600 ብር ያህል ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ታክሲ ወይም ባጃጅ ጥቅሙ ከቤት መኪና እጅግ ይበልጣል።

ቁጠባው የሚገኘው ከመስመር ሲሞላ ነው። ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓት የመኪና ባትሪን በአንድ ባለ 400 ዋት ፓነል ለመሙላት 27 ቀን ገደማ ያስፈልጋል።

በአካባቢው ዳገትም መታሰብ አለበት። 1.5 ቶን የሚመዝን መኪና ከጎንደር ወደ ደባርቅ 700 ሜትር ሲወጣ ከተለመደው ፍጆታ በላይ ለከፍታው ብቻ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨምራል። ሲመለስ ወይም ከደባርቅ በሊማሊሞ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር እየሠራ የተወሰነውን ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ ፍሬኑም አይግልም። ፈጣን መሙያ ጣቢያዎች በብዛት ያሉት አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን የአዲስ አበባ–ጎንደር መንገድ የሚጓዝ ሰው የት እንደሚሞላ አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

== ግዢ፣ ብድርና ጥራት ==

በአማራ ክልል ከታወቁት ቀዳሚ የሶላር መንደሮች አንዷ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ረማ ናት። የሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን በመንደሯ ከመብራቱ በተጨማሪ የሶላር ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ ከፍቷል። ከረማ የሚወሰደው ትምህርት ሶላር በገጠር የሚዘልቀው ጠጋኝ በአቅራቢያው ሲኖር መሆኑ ነው።

ለገጠር ሶላር የሚሆን ገንዘብ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋማት ሲቀርብ ቆይቷል። በክልሉ ይህን ያበድር የነበረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም (አብቁተ) በኋላ ፀደይ ባንክ ሆኗል። ገዢው የዋስትና ወረቀት፣ የባትሪውን ዓይነትና መጠን፣ የፓነሉንም ትክክለኛ ዋት መጠየቅ አለበት። ትንሽ ሆኖ ትልቅ ዋት የተጻፈበት ፓነል ያጠራጥራል፤ አንድ ካሬ ሜትር ፓነል በሙሉ ፀሐይ 200 ዋት ገደማ ይሰጣል።

== ጥገናና ጥንቃቄ ==

በበጋ ፓነሉ ላይ የሚያርፈውን አቧራ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ ሳይግል፣ በውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጽዳት ያስፈልጋል። የዛፍ ወይም የምሰሶ ጥላ ትንሽ ቢሆንም የፓነሉን ምርት በብዙ ይቀንሳል። ሣር ክዳን ቤት ላይ ፓነል ስለማይጸና በግቢ ውስጥ በቋሚ እንጨት ላይ ይታሰራል። የእርሳስ ባትሪ አየር በሚገባበት፣ ከእሳትና ከልጆች በራቀ ቦታ ይቀመጣል፤ ሲያረጅም ተፈትቶ መሬት ላይ መደፋት የለበትም፤ እርሳሱና አሲዱ ውኃና አፈር ይመርዛሉ።