ኤስፕሬሶ ለምን ማጀት ሳይገባ ቀረ?

ከወደ ይፋት፣ ከማጀቴ ነኝ። (የከተማችንን ስም የሰማ ሁሉ «ማጀትሽ እንዴት ነው?» እያለ ይቀልድብናል፤ ለምደነዋል።) የዛሬው ጨዋታ ግን እውነትም የማጀት ነው፤ ኪስ የማይጎዳ የቤት ኤስፕሬሶ ማፍያ የቱ ነው? ለመግዛት ያሰበ ሰው ታሪኩን ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል ባይ ነኝ።

የቱሪኑ አንጄሎ ሞሪዮንዶ በእንፋሎት ቡና የሚያፈላ ማሽኑን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1884 ነው። እነዚያ ማሽኖች ግዙፎች ነበሩ፤ ለሆቴልና ለቡና ቤት እንጂ ለቤት የሚሆኑ አልነበሩም። አናቱ ላይ ቡናማ አረፋ የሚይዘው የዛሬው ኤስፕሬሶ ደግሞ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የሚላኑ አኪሌ ጋጅያ በእጅ በሚጎተት ማንሻ ውኃውን በኃይል የሚገፋ ማሽን አወጣ። ምስጢሩ ግፊቱ ነው፤ 9 ባር ገደማ ያስፈልጋል። ያንን ግፊት በደንብ የሚሰጥ ዕቃ ርካሽ ሊሆን አይችልም።

ለቤት የተሠራችው ሌላ ናት። አልፎንሶ ቢያሌቲ እ.ኤ.አ. በ1933 ባለ ስምንት ጎን የአሉሚኒየም ማፍያውን «ሞካ» አላት፤ ስሙ ከቀይ ባሕር ማዶ ካለችው የየመን የቡና ወደብ የመጣ ነው። (የኛ 1933 ዓ.ም. ጣሊያን የተባረረበት ነው፤ አታምታቱት።)

ወደኛ ስንመጣ፣ ከወረራው በኋላ እዚሁ የቀሩት ጣሊያኖች የማኪያቶን ልማድ ለከተማው አወረሱት። ቶሞካ ፒያሳ ላይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው። ማሽኑ ግን ከካፌ ባንኮኒ አላለፈም፤ ቤት ውስጥ ጀበና ነበራ! በሸዋ ክርስቲያኑ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላም መጠጥ እያለ ይሸሸው ነበር። በኋላ ምኒልክም ጠጡት፣ ሕዝቡም ጠጣው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሁሉም ሆነ።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ወንዱ ካፌ ቆሞ ማኪያቶውን በሁለት ደቂቃ ጨልጦ ይሄዳል፤ ሴቷ ቤት ውስጥ ታጥባለች፣ ትቆላለች፣ ትወቅጣለች፣ ሦስቴ ታፈላለች። ማሽኑ ማጀት ያልገባው የሷ ጊዜ ነፃ ተደርጎ ስለተቆጠረ ይመስለኛል። ጀበናን የሚጠላ የለም፤ እሑድ እሑድ እኔም እቆላለሁ። ማለዳ ሥራ ለምትሮጥ ልጅ ግን ሌላ መላ ያስፈልጋታል።

እንግዲህ ምርጫው። ካርቶኑ ላይ «15 ባር» የሚል አይሸውዳችሁ፤ የፓምፑ ጣሪያ እንጂ ቡናው የሚያገኘው ግፊት አይደለም። ፓምፕ የሌለው፣ በእንፋሎት ብቻ የሚሠራ ርካሽ የኤሌክትሪክ ማሽን ደግሞ ቡናውን ያሳርረዋል። የኔ ድምፅ ለሞካ ነው። ግፊቷ ከ1 እስከ 2 ባር ስለሆነ እውነተኛ ኤስፕሬሶ አትሰጥም፤ ወፍራም ቡና ግን በደቂቃዎች ታደርሳለች፣ ወተት ሲጨመርበትም ያምራል። መብራት ቢጠፋ በከሰል ትሠራለች።

ውኃው ከጎኗ ካለችው የእንፋሎት መተንፈሻ በታች ይሁን፤ መተንፈሻዋ ከተደፈነች አደጋ ነው። ቡናው ለጀበና ከሚወቀጠው ትንሽ ሻከር ይበል፣ ተጠቅጥቆም አይሞላ። ስትገዙ መሐሏ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት መለዋወጫ እንዳለው ሻጩን ጠይቁት፤ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።