ከቀስት መርዝ እስከ ወገብ ኪኒን

ሆሳዕና መናኸሪያ ገና ጎህ ሳይቀድ ይነቃል። ጫኝና አውራጁ ጆንያ ተሸክሞ ጣሪያ ላይ ይወጣል፤ ሹፌሩ ዱራሜ፣ ሾኔ፣ አዲስ አበባ ሲል ከመሪው ጋር ይውላል። ቆጮ ለገበያ የሚያወጡት እናቶችም እንሰት ሲፍቁ ጎንብሰው ነው የሚውሉት። ወገብ ሲይዝ ድሮ ወጌሻ ያሽ ነበር፣ ዋገምት ይደረግ ነበር። ዛሬ «ጡንቻ የሚያፍታታ» ኪኒን ተጨምሯል።

የእነዚህ መድኃኒቶች ታሪክ በመርዝ ይጀምራል። የደቡብ አሜሪካ አዳኞች ቀስታቸውን የሚቀቡት ኩራሬ ጡንቻን ያሽመደምዳል። የማደንዘዣ ሐኪሙ ሃሮልድ ግሪፊዝ እ.ኤ.አ. በ1942 ሞንትሪያል ውስጥ ማደንዘዣን እንዲያግዝ ተጠቀመበት። የኩራሬ ዘር መተንፈስንም ስለሚያስቆም ከሆስፒታል አልወጣም። የኪኒኖቹ አባት ሌላ ነው። ከቼኮዝሎቫኪያ የተሰደደው ሐኪም ፍራንክ በርገር እንግሊዝ አገር ለፔኒሲሊን ማቆያ ሲፈልግ፣ አይጦችን ሳያስተኛ የሚያዝለፈልፍ ንጥረ ነገር ገጠመው። ስሙ ሜፌኔሲን ሲሆን በ1946 ይፋ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሜቶካርባሞል በ1957፣ የበርገሩ ካሪሶፕሮዶልና ኦርፌናድሪን በ1959፣ ዳያዜፓም በ1963 ተከተሉ። የድብርት መድኃኒቱ የአሚትሪፕቲሊን የቅርብ ዘመድ የሆነው ሳይክሎቤንዛፕሪን በ1977 መጣ።

አብዛኞቹ ኪኒኖች ግን ጡንቻውን አይነኩትም፤ የሚሠሩት አንጎልና ሕብለ ሰረሰር ላይ ነው። የሚያመጡት እንቅልፍም ከዚያ ነው።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? ሕመም በማስታገስ አንዱ ከሌላው መብለጡ በአጥጋቢ ጥናት አልተረጋገጠም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኒውዮርክ ውስጥ 323 የወገብ ሕመምተኞች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ናፕሮክሰን በተባለው የሕመም ማስታገሻ ላይ ሳይክሎቤንዛፕሪን መጨመር ምንም አልፈየደም። በ2021 የብሪታንያው የሕክምና መጽሔት ያወጣው የ31 ጥናቶች ግምገማም ያገኘው እፎይታ ከ100 ነጥብ 8 እንኳ አይሞላም፤ ያም በደካማ ማስረጃ።

ስለዚህ በእኔ ሚዛን ምርጫውን መወሰን ያለበት ጉዳታቸው ነው። ካሪሶፕሮዶል ሱስ ስለሚያስይዝ እ.ኤ.አ. በ2007 የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል። ዳያዜፓምም ከሱስ አደጋ ነፃ አይደለም። ከፓራሲታሞል ጋር ተደባልቆ ኖርጀሲክ የሚባለው ኦርፌናድሪን አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ይይዛል፤ ፕሮስቴት ላስቸገራቸው አባቶችና ግላኮማ ላለበት አይሆንም። ሌላው ጡንቻ አፍታች ቲዛኒዲን የደም ግፊት ይጥላል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር ፈጽሞ አይወሰድም። ባክሎፌን የሚታዘዘው ለጆንያ ተሸካሚ ሳይሆን በነርቭ ጉዳት ጡንቻው ለተኮማተረ ሰው ነው፤ ድንገት ሲቋረጥ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ሜቶካርባሞል በእንቅልፍ ረገድ ሻል ይላል ይባላል፤ ያም ሆኖ ውጦ መሪ መጨበጥ አያስተማምንም።

እግር ከደነዘዘ፣ ሽንት ካመለጠ ወይም አልመጣ ካለ ጉዳዩ የኪኒን አይደለም፤ በዚያው ቀን ሆሳዕና ወዳለው ንግሥት እሌኒ ሆስፒታል መሄድ ነው። ማዘዣ የሚጻፍላችሁ ሹፌሮችም፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እንኳ ሥራችሁን ንገሩት።