ከሐይቅ ብራና እስከ ሚሞሪ ካርድ

በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ1273 ዓ.ም. የተጻፈ የአራቱ ወንጌላት ብራና አለ። ያስጻፉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገዳሙን ኑሮና ትምህርት ያደራጁት አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ከወንጌሉ ቃል ሌላ ስለ ገዳሙ መጻሕፍትና ንብረት የተመዘገቡ ማስታወሻዎች ስላሉበት ለመካከለኛው ዘመን ታሪካችን ዋና ምንጭ ሆኗል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ለዘመናት ሁለተኛ የሚኖረው ቁም ጸሐፊ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ፊደል በፊደል ሲገለብጠው ብቻ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን፣ መንግሥትና በሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተባብረው ወደ 9,000 የሚጠጉ ብራናዎችን በፊልም አስነሡ። የሐይቁ ወንጌል ቁጥር 1832 ተሰጠው። ካታሎጉን በማዘጋጀት ረጅም ዘመን የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። አንድ ፊልም አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ተቀመጠ፤ ሊቃውንትም ገዳሙ ድረስ ሳይሄዱ ብራናውን ማጥናት ቻሉ።

ማይክሮፊልም ትልቅ ጸጋ ነበረው፤ ብርሃንና ማጉያ መስታወት ያለው ሰው ሁሉ ያነበዋል። ጉድለቱ ጥቁርና ነጭ መሆኑ ነው፤ የሥዕሎቹ ቀለም በፊልሙ አይታይም። ደግሞም ፊልሙ ባለበት ቤት ብቻ ይታይ ስለነበር ለወሎ ተማሪ ሩቅ ነበር። በኋላ ፊልሞቹ በስካነር እየታዩ ወደ ኮምፒውተር ተዛወሩ፤ ዛሬ በኢንተርኔት ይነበባሉ። ሥራው የተሳካው ፊልሙ የማንም ኩባንያ ሶፍትዌር ስላላስፈለገው ነው።

ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ማንሣቱ ቀለለ፤ ማውጣቱ ከበደ። በ1990ዎቹ በሀገራችን የገቡት ርካሽ ካሜራዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ገመድና የራሳቸው ሲዲ ነበራቸው። ሲዲው ከጠፋ ወይም ኮምፒውተሩ በሌላ ሲስተም የሚሠራ ከሆነ ፎቶው ካሜራው ውስጥ ይቀራል። እንደ ዊንዶውስ 98 ያለው ሲስተም ያለ ድራይቨር ዩኤስቢ ፍላሽን እንኳ አያውቅም ነበር። ሚሞሪ ካርዱም በየዓይነቱ ነው፤ የድሮ ካርድ ሪደር ከ2 ጊጋ ባይት በላይ የሆነ ኤስዲ ካርድ ሊያነብ አይችልም። ያነሣው ሰው ካሜራው ተበላሸ ይላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ያልተግባቡት ሁለቱ ማሽኖች ናቸው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ገመዱን ትቶ ካርዱን ማውጣት፣ ለዓይነቱ የሚሆን ካርድ ሪደር መፈለግ፣ «ዲሲአይኤም» የሚለውን ፎልደር ከፍቶ ፎቶዎቹን መገልበጥ። ይህ ስያሜ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ካሜራ አምራቾች የተስማሙበት ስለሆነ በአብዛኛው ካሜራ አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱን «ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ቢጠይቅ እሺ ማለት አይገባም፤ ፎቶው ያለው እዚያ ነውና።

ይህ በደቡብ ወሎ ላለው ለአምባሰል ወረዳ ትልቅ ጉዳይ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን ማርያም የሚወጣው ምእመን ተራራውን፣ ካህናቱንና ንግሡን በየስልኩ ያነሣል። ስልኩ ሲሰረቅ ወይም ሲሞት ዓመቱ አብሮ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ቅርስ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ ሁላችንም አስበናል።

የማይክሮፊልሙ ሠራተኞች ያስተማሩን መንገድ አለ፤ ቁጥር መስጠት፣ የመጽሐፉንና የቦታውን ስም መጻፍ፣ ቅጂውን በሁለት ከተማ ማስቀመጥ። የዛሬው የገዳም መዝገብ ያዥ፣ የባህል ጽሕፈት ቤት ባለሙያና ካሜራ ያነሣ ወጣትም ይህንኑ ያድርጉ። ፎቶውን በየትኛውም ኮምፒውተር በሚከፈት ጄፔግ ወይም ቲፍ ያስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ለገዳሙ፣ አንዱን ለከተማው፣ አንዱን ከክልሉ ውጭ ላለ ታማኝ ተቋም ይስጡ። በየጥቂት ዓመቱም አውጥተው ወደ አዲስ ማሽን ያዛውሩት፤ ቁም ጸሐፊው ያረጀውን ብራና በአዲስ ይተካ እንደነበረው ሁሉ ይህም የማያቋርጥ አገልግሎት ነው።