አፍሪካውያን ተማሪዎች በኢትዮጵያ ያገኙት ድጋፍና ያስከተለው ለውጥ

አሞራ ገደል፣ ሐዋሳ፦ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ተቋሟን ለሌሎች አፍሪካውያን በሰፊው የከፈተችው በ1950 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ ወር በጋና መዲና አክራ ከተካሄደው የነፃ አፍሪካ አገሮች ጉባኤ ጋር ተያይዞ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለ200 አፍሪካውያን ነፃ የትምህርት ዕድል እንደሚሰጥ አስታወቀ።

ድጋፉ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነበር። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንጋኒካ ገና ከእንግሊዝ አገዛዝ አልወጡም ነበር። በአካባቢው ዋነኛ የነበረው የኡጋንዳው ማከሬሬ ኮሌጅም የሚቀበለው ተማሪ ውስን ነበር። በአንጻሩ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ያስተምር ነበር። ኋላ የኬንያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ በአዲስ አበባ ከተማሩት አፍሪካውያን አንዱ ናቸው።

እንግዶቹ የመጡት የነፃነት ትግል ከተፋፋመባቸው አገሮች ስለነበር፣ ስለ ፖለቲካ በግልጽ መወያየትን ለምደው ነበር። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከእነርሱ ጋር በመኖርና በመከራከር የአገራቸውን ሁኔታ ከሌሎች አገሮች ጋር ማነጻጸር ጀመሩ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ግንኙነት ለኢትዮጵያ የተማሪዎች ንቅናቄ መነቃቃት ከረዱት ምክንያቶች አንዱ አድርገው ያዩታል። የ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራና የጭሰኛው ኑሮም ሌሎቹ ምክንያቶች ነበሩ።

በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ሰልፍ ወጡ። በወቅቱ በተለይ በደቡብ ኢትዮጵያ በርካታ ገበሬ የሚያርሰው የባለርስት መሬት ነበር፤ ከምርቱም ከፍ ያለውን ድርሻ ለባለርስቱ ይከፍል ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ። ዛሬ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው የእርሻ ኮሌጅ የተመሠረተውም ከአዋጁ በኋላ ነው።

ለእንግዳ ተማሪ የተደረገው ድጋፍ በዚህ መንገድ ለአስተናጋጁ አገር፣ ብሎም ከዩኒቨርሲቲ ደጅ ደርሶ ለማያውቀው አራሽ ተርፏል።

ዛሬ ከደቡብ ሱዳን፣ ከሶማሊያና ከኤርትራ የመጡ ስደተኞች በኢትዮጵያ ተጠልለዋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110 የመማር መብታቸውን ይደነግጋል። በከፍተኛ ትምህርት ረገድ፣ የአገሪቱ አቅም እስከፈቀደ ድረስ፣ ለሌሎች የውጭ ዜጎች ከሚሰጠው መስተንግዶ የተሻለው እንዲሰጣቸው አዋጁ ያዛል።